እስኪነጋ ዝጋው

አጎቴ አያ ገድሉ ኢንተርኔትን በስሙ ጠርተውት አያውቁም ነበር። እኛ ቤት ሲመጡ፣ ከጓዳው መደርደሪያ ላይ ሌት ተቀን የሚያጉረመርመውን አሮጌ ኮምፒውተር «ያ ንብ» ይሉታል። ባለቤቴ ስሟ ወለላ ስለሆነ «ንቡም እዚህ፣ ወለላዋም እዚህ፣ ምን ጎደለህ?» እያሉ ያስቁናል። ስለዚህ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት መጥተው፣ ወለላ ያቀረበችላቸውን ወንበር ሳይነኩ፣ «ቢያዝን፣ ይኼን ኢንተርኔት እስኪነጋ ዝጋው» ሲሉኝ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

«ነግቷል እኮ አያ» አልኋቸው።

«የነገውን ንጋት ነው የምልህ።»

አልሳቁም። ወለላ ጀርባዋን ሰጥታን የቁርሱን ጠረጴዛ ትጠርጋለች። ዳቦ እንዲህ ከተወደደ ወዲህ ፍርፋሪውን ሰብስባ ለዶሮዎቹ የምታስቀምጥ ሴት፣ ያን ጠዋት በእጇ ወደ ወለሉ ስትጥለው አየሁ። ምን ሆነች ብዬ ሳልጠይቃት አያ ገድሉ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ጓዳችን ሁለት ሰው አያስቆምም፤ በአንድ በኩል የጤፍ ጆንያ፣ በሌላው የዘይት ጀሪካንና የወለላ ድስቶች ናቸው፤ ከላይ መደርደሪያው ላይ ማሽኑ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆምን። ፊታቸውን ወደ ድስቶቹ መልሰው፣ የተከራያችን የኢትዮጵያ አባት ጅማ ላይ ማረፋቸውን ነገሩኝ።

ኢትዮጵያ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር የጅማ ልጅ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ጥራት ክፍል ትሠራለች። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቪዲዮ ይደውሉላታል፤ እሷም ስልኩን ይዛ ወደ እኛ ትመጣና ሁላችንንም ታሳያቸዋለች። ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ካሉን በኋላ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ሐይቁ እንዴት ዋለ?» ይላሉ፤ እንደ ሰው ነው የሚጠይቁት። ባለፈው ቅዳሜም ጠይቀውናል። ደህና ውሏል ብያቸው ነበር።

«ዘመዶቿ ለኔ ደወሉ» አሉኝ አያ ገድሉ። የሠፈራችን የሽምብጥ እድር ዳኛ ስለሆኑ የሠፈሩ መርዶ ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፍ። «ሰዎቿ ነገ ጠዋት ይገባሉ። በንጋት ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞ ይነገራታል። እስከዚያ ድረስ በስልኳ አይታ ብቻዋን ብትወድቅስ? የሱን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፈውታል አሉ፣ እዚያ ፌስቡኩ ላይ።»

«የሱን» ማለታቸው ጆሮዬን ቆረቆረው። አያ ገድሉ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ ካህን ቤት ከተወለደ አንቱ የሚሉ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሽማግሌ እንደ እኩያ «እሱ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ከድንጋጤ ነው ብዬ ተውሁት።

«ታዲያ ሶኬቱን ልንቀለው፤ ማሽኑን መነካካት ምን ያስፈልጋል?»

«ብትነቅለው ከሰዓት ረስተህ ትሰካዋለህ። እኔ ሽቦውን ብቆርጠው ትቀጥለዋለህ። አላውቅህም? አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ባትሪ ተሸክመህ ጣሪያ ላይ የወጣህ አንተ አይደለህ? ራስህ ዝጋው። አስበህ፣ በቃልህ፣ እስኪነጋ።»

እውነታቸውን ነው አልሁ በልቤ። የስልክ ዳታ በከተማችን ከተቋረጠ ወዲህ ለግቢያችን ብቻ ሳይሆን አጥሩ ሥር ለሚቀመጠው ሰው ሁሉ መውጫው ይኸው ማሽን ነበር። ከውጭ የመጣው የቤታችን መሥመር በአንድ ጎኑ ይገባል፣ በሌላው ጎኑ ወጥቶ ለኛ ቤት፣ ለኢትዮጵያ ክፍል፣ ለአያ ገድሉ ቤትና ለጎረቤቱ በገመድና በዋይፋይ ይከፋፈላል። መሃል ላይ የተቀመጠው ዩኒክስ የሚባል ሥርዓት የሚገባውንና የሚወጣውን አንድ በአንድ ያያል፤ ይለፍ የተባለውን ያሳልፋል፣ አይለፍ የተባለውን ይጥላል። «በረኛ ነው» ይለኝ ነበር ወንድሜ ይትባረክ፣ «በረኛ ደግሞ የታዘዘውን እንጂ የገባውን አይሠራም።»

ማሽኑ የይትባረክ ነበር። ታላቄ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና በእናቴ ሆድ ነበርሁ፤ ቢያዝን የተባልሁትም ለዚያ ነው። እናታችንም ካረፈች ወዲህ ያሳደገኝ፣ የዳረኝም እሱ ነው። አዳማ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጥገና ተቀጥሮ ሲሄድ ባሕር ዳር ላይ ጥሎኝ የሄደ መስሎት ሲጨነቅ ቆየና፣ አንድ ቀን ፋብሪካው የጣለውን ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ላከልኝ። እኔ የኮሌጅ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ይኼን ሙያ አንድም ክፍል ገብቼ አልተማርሁትም። እሱ አዳማ ሆኖ ትእዛዙን በስልክ ቃል በቃል ያነብልኛል፣ እኔ እዚህ ጓዳ ውስጥ ቆሜ እጽፋለሁ። ማሽኑ እምቢ ብሎ ሙሉ እሑድ የፈጀንበት ጊዜ ነበር። እሱ «ሁለት ነጥብ» ይለኛል፤ እኔም ነጥብ፣ ነጥብ እያልሁ ጎን ለጎን እመታለሁ። ማሽኑ አልገባኝም ይላል። እንደገና «ሁለት ነጥብ»፣ እንደገና ነጥብ፣ ነጥብ። መጨረሻ ላይ ምን እንደጻፍሁ አስነበበኝ። እንደዚያን ቀን ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «አንተ፣ ዳዊት የደገምህ ሰው፣ ሁለት ነጥብ ጠፋህ? አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች!» ከዚያ ወዲህ ሲደውልልኝ ስሜን ትቶት «እንዴት አደርህ፣ ሁለት ነጥብ?» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ ያን ጠዋትም አሮጌውን ስክሪን ከማሽኑ ጋር አያይዤ የትእዛዙን መዝገብ ስከፍት፣ ወዲያው የታሰበኝ እሱ ነው። ፌስቡክንና ቴሌግራምን ብቻ ነጥዬ ብዘጋ ለሌላው ሰው ይተርፋል፤ ግን እንዴት እንደሚነጠል በደንብ አላውቀውም። ስልኬን አውጥቼ ደወልሁ።

«ማንን ነው?» አሉኝ አያ ገድሉ።

«ይትባረክን። አንድ ነገር ልጠይቀው።»

ስልኩ ዝግ ነበር። ደግሜ ሞከርሁ፤ ያቺ የቴሌ ሴትዮ ዝግ መሆኑን ነገረችኝ። አያ ገድሉ የጤፍ ጆንያው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆመዋል፤ ጣቶቻቸው ጆንያውን ጨምድደውት ነበር።

«ሌሊት ገብቶ አድሮ ይሆናል፤ ሲተኛ ያጠፋዋል» አልሁ እኔው።

«ይሆናል» አሉ፤ ቆየት ብለውም «ሁሉንም ዝጋው፤ አትነጥል» አሉኝ። «ለራስህም አትክፈት። አንተ ፎቶውን ካየህ ፊትህ ይናገራል። ከልጅነትህ ጀምሮ ፊትህ ሚስጥር አይዝም።»

ይህ ማሽን ትእዛዙን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ የሚጸናው ግን መጨረሻ ላይ ያገኘው ቃል ነው። ከላይ ስንት ይለፍ ተጽፎ ቢሆን፣ ግርጌ ላይ አንድ መሥመር «ሁሉም አይለፍ» ካለ አለቀ። ያችን አንድ መሥመር ግርጌ ላይ ጻፍሁ። ማሽኑ ማጉረምረሙን አላቆመም፤ መብራቶቹም ብልጭ ብልጭ ማለታቸውን አልተዉም። ስልኬ ላይ የዋይፋዩ ምልክት እንደተለመደው ሙሉ ነው፤ ግን ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም። አያ ገድሉ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝና ወጡ። ያን ያህል መጨበጥ ምን አመጣው?

በሩ ላይ ኢትዮጵያን አገኘኋት። የግማሽ ቀን ሥራዋን ልትገባ ለብሳ፣ ስልኳን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ገና ምንም አላወቀችም፤ ፊቷ የጠዋት ፊት ነው።

«ቢያዝን፣ ኔቱ ምን ነካው?»

«ከመሥመሩ ነው መሰለኝ» አልኋት። ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።

«እንግዲህ አባባ ከሰዓት ይደውላል፣ እንዳታሳፍረኝ። ኢትዮጵያን ዘጋት ይሉሃል ኋላ» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀችና ሄደች። ጀርባዋን እያየሁ በሩ ላይ ቀረሁ። አባባ ይደውላል ትላለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሷ ብቻ ሳታውቅ፣ ጫማዋን ወልውላ፣ ባጃጅ ለመያዝ ትሮጣለች። ከዚህ የከፋ ነገር አይቼ አላውቅም ብዬ አሰብሁ።

አጥሩ ሥር ደግሞ ባጃጁን አቁሞ የሚቀመጠው ቴዎ ነበር። ከሌሎቹ ጋር ሆኖ ጠበቀኝ።

«ቢያዝን፣ ዋይፋይህ ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፣ ተኝቷል።»

«ቀስቅሰው እንጂ ታዲያ። ወይስ አንተም እንደ ላይኞቹ መዝጋት ጀመርህ? ሥልጣን እኮ ከጓዳ ነው የሚጀምር።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ለእነሱም ልነግራቸው አልችልም ነበር። ሚስጥር ይዞ መሳቅ እንዲህ እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስመለስ ወለላ ጓሮ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። የታጠበው ሁሉ የኔ ነው፤ ጥቁሩ ሹራቤ፣ ጥቁሩ ሱሪዬ፣ ነጭ ሸሚዜ፣ ጋቢዬ። ቅዳሜ የአልጋ ልብስ ነው የምታጥበው። «ለነገ ይሆንሃል» አለችኝ ቀና ሳትል። እውነቷን ነው፣ ለቅሶ ቤት አይደለም የምንሄድ? አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በልቤ የያዝሁትን ለማን እነግራለሁ፣ ለእሷ እንጂ።

«ይኼ ነገር ግፍ ይመስለኛል ወለላ» አልኋት። «አባቷ ሞተው፣ ዘመድ ሁሉ አውቆ፣ እድርተኛው አውቆ፣ እሷ ፋብሪካ ቆማ ጨርቅ ታያለች። እኛ ደግሞ ከኋላዋ በር እንዘጋለን። እኔ ብሆን ሳይውል ሳያድር ንገሩኝ ነበር የምል። አንተ ምንም አታውቅ ብሎ እንደ ሕፃን ከሚደብቀኝ ሰው ጋር ኋላ በምን ዓይን እተያያለሁ?»

ወለላ የጨመቀችውን ሸሚዝ እንደያዘች ቀረች። ውሃው በክንዷ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። ቀና ብላ አየችኝ፤ አፏ ተከፈተ።

«እውነትህን ነው?» አለችኝ። «ወዲያው ንገሩኝ ነው የምትል?»

«ወዲያው።»

አንድ ነገር ልትል ነበር። እስካሁን ያ ፊቷ ከዓይኔ አይጠፋም። በዚያው ቅጽበት አያ ገድሉ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጠሩኝ። ወለላ ሸሚዙን መልሳ ውሃው ውስጥ ከተተችው፤ ንጹሕ የነበረውን ሸሚዝ እንደገና ታሸው ጀመር።

አያ ገድሉ የጠሩኝ ለሥራ ነው። የእድራችን ዕቃ ቤት ከሐይቁ ዳር ነው፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከሚጀምርበት ጥቂት ገባ ብሎ፤ ድንኳኑን፣ ምሰሶውንና አግዳሚዎቹን አውጥተን በኛ አጥር ጎን ወዳለው የጎረቤት ግቢ ማስገባት አለብን፤ ኢትዮጵያ እንዳታየው። ስንደርስ ወንዶቹ ቀድመውን ተሰብስበዋል። ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን ጎትተው ያወጣሉ፣ ፔሊካኖቹ የዓሣውን አንጀት ይጠብቃሉ፣ ነጋዴ ሴቶች «ቀረሶ ነው፣ ትኩስ ነው» ይላሉ፤ ሰዉ እንደ ሌላው ቀን ነው። የኛ ሰዎች ግን እኔ ስመጣ ወሬያቸውን አቆሙ። የታዘቡኝ መሰለኝ፤ ከዚህ በፊት እድር ላይ ስቀር ስለምታወቅ። ስለዚህ ያን ቀን ከማንም በፊት ጎንበስ ብዬ ትልቁን ምሰሶ ትከሻዬ ላይ አነሣሁ።

«ተው፣ አንተ አትሸከም» አለኝ ቴዎ። እሱም ባጃጁን ይዞ ለጭነት መጥቶ ነበር።

«ለምን? ከማን አንሼ?»

ቴዎ ወደ አያ ገድሉ አየ። «ተዉት፣ ይሸከም» አሉ አያ ገድሉ፤ ድምፃቸው ሻከረ። ምሰሶውን ተሸክሜ ስሄድ ቴዎ ከጎኔ ባጃጁን በዝግታ እየነዳ መጣና «የጠዋቱን ተወው እሺ፣ ለቀልድ ነው» አለኝ። ምኑን ነው የምተወው አልሁት፤ ፍጥነት ጨምሮ አለፈኝ። «አትሸከም» ሲለኝ ዋይፋይ አጥቶ የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል።

ስንጨርስ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆመን ላባችንን ስንጠርግ፣ ልቤ ሞልቶ ነበር። ከሩቅ አገር ለመጣች፣ ዘመድ ለሌላት ተከራይ፣ የሽምብጥ ሰው ሥራውን ትቶ ድንኳን ይሸከማል። ይኼን ሳልናገር ማለፍ ግፍ መሰለኝ። «እግዜር ይስጣችሁ» አልኋቸው ለሁሉም። «ባዳ ናት ሳትሉ እንዲህ መድከማችሁ ትልቅ ነገር ነው። ብድራችሁን በደስታ ይመልስላችሁ።»

አንዱ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አያ ገድሉ «አሜን» አሉ፣ ብቻቸውን።

በመንገድ ላይ ስልኬ ጠራ። ከዱርቤቴ የአክስታችን ልጅ ኪዲ ነበረች፤ ከፋሲካ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም። «ሃሎ፣ ኪዲዬ» ስላት ሰው ሲተነፍስ ብቻ ይሰማኛል። «ትሰሚያለሽ?» አልኋት። «ምሳ በላህ?» አለችኝ። ገና አልበላሁም፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ እዚህ አንድ ተከራያችን አዝናለች አልኋት። «እ… ወለላስ አለች?» አለችና፣ አለች ስላት ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አታነሣም። ኔትወርኩ ነው አልሁ። ያን ቀን ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረኝ። ይትባረክ ጋም እንደገና ሞከርሁ፤ አሁንም ዝግ። ማሽኑን ዘግቼበት ቴሌግራም ላይ ጽፎልኝ ይሆናል ብዬ ተናደድሁ፤ «ዛሬ በሌላ ሰው ኀዘን ተዘግቻለሁ፣ ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ በስልክ መልእክት ጻፍሁለት። መድረሱን የሚነግር ምልክት አልመጣም።

ኢትዮጵያ ከሥራ የገባችው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። ከሰዓት ሙሉ የት እንደነበረች አላወቅሁም። ስትገባ አያ ገድሉ ቤት በኩል ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። አወቀች እንዴ? «ምን ሆንሽ?» አልኋት። «ጉንፋን» አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ የምታመጣውን ስልክ አላመጣችም፤ ኔቱ ለምን አልተሠራም ብላም አልጠየቀችኝም። ክፍሏ ገብታ ቆየችና ጨጨብሳ ሠርታ፣ ቅቤውን አብዝታ፣ በትሪ ይዛልን መጣች። ተከራይ ናት፤ ሰው ቤት ምግብ ይዛ ገብታ አታውቅም።

«ብላ» አለችኝ፤ ትሪውን ወደ እኔ ብቻ ገፋ አድርጋ።

«አብረን እንብላ እንጂ።»

«እኔ በልቻለሁ። አንተ ብላ። ዛሬ ደክመሃል።»

ሦስታችንም ትሪውን ከበን ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑን ወለላ ገና ከጠዋት አጥፍታው ነበር፤ የሚሰማው ከጓዳ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ ኢትዮጵያን አያታለሁ፣ እሷ እኔን ታየኛለች፣ ዓይን ለዓይን ስንገናኝ ሁለታችንም ወደ ትሪው እንመለሳለን። ወለላ ማናችንንም አታይም። ይቺ ምስኪን ነገ የማትበላውን ዛሬ እንድትበላ ብዬ ጎረስሁ፤ ለእሷም ጠቅልዬ ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ። አፏን ከፍታ ተቀበለችኝ፤ ግን አላኘከችውም፣ ጉንጯ ላይ ያዘችው። እኔም ዝም ማለት አቃተኝ።

«ኢትዮጵያ» አልኋት፣ «ሰው እዚህ ብቻውን አይደለም እሺ? ምንም ቢመጣ፣ እኛ አለን። ወንድም ማለት የእናት ልጅ ብቻ አይደለም።»

ያን ስል ጉንጯ ላይ የያዘችው ጉርሻ በእጇ ላይ ወጣ፤ ፊቷን ሸፍና መንሰቅሰቅ ጀመረች። ወለላ ተነሥታ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛት ወጣች። እኔ ትሪው ፊት ቀረሁ። አያ ገድሉ እውነታቸውን ነው፤ ፊቴ ተናግሯል፣ አፌም ተናግሯል። የአንዲት ልጅ መርዶ በጨጨብሳ ላይ አበላሸሁ ብዬ ራሴን ረገምሁ። ከጓሮ የሁለቱ ሴቶች ልቅሶ ታፍኖ ይሰማኛል። ወለላ ደግሞ ምን አስለቀሳት? የሰው ኀዘን እንዲህ ይጋባል እንዴ?

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ስክሪኑ ከጠዋት ጀምሮ እንደተያያዘ ነው። ሽማግሌውን፣ ያን ኮፍያቸውን፣ ከሻማው ጋር አንድ ጊዜ ለማየትና በልቤ ለመሰናበት ፈለግሁ። ያችን ግርጌ ላይ የጻፍኋትን መሥመር ማጥፋት ብቻ ነው፤ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍሁት። ማንም አያየኝም፤ አይቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። ከዚያ የአያ ገድሉ «በቃልህ» ማለት ትዝ አለኝ። ይቺ ልጅ ነገ ጠዋት ታውቃለች፤ እኔ ከእሷ ቀድሜ የአባቷን ሞት በስልክ ብመለከት ምን ይባላል? ጣቴን አነሣሁ፣ ስክሪኑንም ነቅዬ አስቀመጥሁት። ማሽኑ ላይ እጄን ጣል አድርጌ ነበር፤ ይሞቃል። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ፣ ይትባረክ ስነግረው የሚለኝን እያሰብሁ ተኛሁ።

ወፎቹ ገና መንጫጫት ሲጀምሩ አያ ገድሉ መስኮቱን በጣታቸው መቱት። ወለላ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እንቅልፍ የወሰዳት አትመስልም። ልብሴን አንድ በአንድ አቀበለችኝ፣ ጥቁሩን ሹራብ፣ ጥቁሩን ሱሪ፤ ጋቢውን ራሷ ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝና እጇን ሳታነሣ ቆየች። «እንሂድ፣ እንዳንዘገይባት» አልኋትና ቀድሜያት ወጣሁ።

ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ከበሩ እስከ ውሃ ገንዳው ቆመዋል። ከሐይቁ የመጣው ጉም በመካከላቸው ይሄዳል። ቴዎ አለ። ኪዲን አየኋት፤ ከዱርቤቴ እንዴት በዚህ ሰዓት ደረሰች? ትናንት አዝናለች ስላልኋት ተከራይ ብላ መጣች? የንስሐ አባታችን አባ ፅጌ ማርያምም መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ለማያውቋት ልጅ በንጋት ተነሥተው መምጣታቸው አስደነቀኝ፤ ጎንበስ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። እጃቸው ራሴ ላይ ከልማዳቸው በላይ ቆየ።

ሰዉ ግን ወደ ኢትዮጵያ በር አይሄድም። ሁሉም ባለበት ቆሟል። መርዶ መንገር ይከብዳል፣ አንዱ አንዱን እየጠበቀ ነው ብዬ ገመትሁ። አያ ገድሉን አየኋቸው፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። እንግዲህ ለእሷ ከማንም የምቀርበው እኔ አይደለሁም? ወንድም ነኝ ብያታለሁ። ጋቢዬን ሰብሰብ አድርጌ ወደ ጓሮው አቀናሁ። ከኋላዬ የብዙ ሰው ኮቴ ይከተለኛል። በሩ ጋ ስደርስ ኮቴው ቆመ። አንኳኳሁ።

«ኢትዮጵያ፣ እኔ ነኝ። ተነሺ።»

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዙራ ፊቷ ጋ አድርጋዋለች፣ እንደ ኀዘንተኛ። ሳልነግራት ለብሳ ጠበቀችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አልኋት።

እንባዋ ይወርዳል። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ክንዶቼን ያዘች፤ እኔ ልደግፋት የመጣሁትን እሷ አጥብቃ ያዘችኝ።

«የኔ አባት ደህና ነው፣ ቢያዝን» አለችኝ። «ማታ አናግሬዋለሁ።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሽማግሌው አልሞቱም፤ ተሳስተው ነው፣ ይኼ ሁሉ ሰው በከንቱ ነው የተነሣው። ይኼንኑ ለሰዉ ልነግር፣ ፊቴ በሳቅ እንደተከፈተ፣ ዞርሁ።

ኢትዮጵያን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። ወለላ መሃል ላይ ቆማ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወገቧ ላይ ታስራለች፤ ወንዶቹ በግራና በቀኝ ወደ እኔ ተጠግተዋል፣ ቴዎ እጆቹን ዘርግቷል።

«ይትባረክ…» አሉ አያ ገድሉ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ማልቀስ ጀመሩ።